ከወንዙ የወጣው ሰው

ልጅ ሳለሁ ጅብ አልፈራም ነበር፤ አሜሪካ፣ አርሊንግተን ከተማ ውስጥ ጅብ ማን አይቶ! እኩዮቼ አልጋ ሥር ይደበቃል የሚሉትንም ነገር ከቁም ነገር አልቆጥረውም ነበር። እኔ የምፈራው ዘፈን ነው። ያውም ሰው ሁሉ እግሩን እያወዛወዘ የሚሰማውን፣ ጊታሩ ከሩቅ እየጋለበ የሚመጣ የሚመስለውን አንድ የድሮ የሮክ ዘፈን። ዛሬም፣ ይህን ያህል ዕድሜ ቆጥሬ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ድንገት ከጣሪያው ሲለቀቅ የያዝኩትን ዕቃ አስቀምጬ በሩ በየት በኩል እንደሆነ አያለሁ።

ዘፈኑን ያወቅሁት በጋሽ በቀለ አፍ ነው። ጋሽ በቀለ የአባቴ አጎት ናቸው፤ አባቱ ሲሞት ወስደው ያሳደጉት፣ እሱም በተራው አሜሪካ ሲደላደል ያስመጣቸው። በጉልምስናቸው ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ሲኒማ ቤት ማሽን ኦፕሬተር ነበሩ። ያኔ የፊልም ማሽን በአምፑል አይበራም ነበር፤ ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ተጠጋግተው ሲነዱ የሚወጣው ብርሃን ነበር ሥዕሉን ሸራው ላይ የሚጥለው። ክፍሉ ጠባብ፣ በጭስ የታፈነና እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ የሚፋጅ እንደነበር ይነግሩኝ ነበር። ቀኝ ዓይናቸው ሁልጊዜ እንባ ያቀርር ነበርና እናቴ «ያ ብርሃን ነው የጎዳቸው» ትላለች።

በበጋ ምሽቶች አባቴ ከሥራ እስኪመለስ ድረስ አፓርታማችን ግቢ ውስጥ፣ የጋራው የሥጋ መጥበሻ አጠገብ እንቀመጥ ነበር። አባቴ ግሬፕቫይን የምትባለው ጎረቤት ከተማ ካሉት ሆቴሎች ወደ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። እናቴ ዶሮውን ጠብሳ ስትገባ ፍሙ ለእኛ ይቀራል። ጋሽ በቀለ ፍሙን በስንጥር ቆስቆስ ያደርጉና፣ ፊታቸው ከታች ቀላ ብሎ፣ «እህ፣ መብራት ጠፋ፤ ዝም በሉ!» ይላሉ። ፊልሙ ጀመረ ማለት ነው።

በእሳቸው ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ፊልም ያየ ልጅ ለራሱ ብቻ አድርጎ አይይዘውም ነበር። መግባት ያልቻሉት በር ላይ ይጠብቁትና ጥላ ሥር አስቀምጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስነግሩታል። ነጋሪው ተኩሱንም፣ የፈረሱንም ኮቴ፣ ሙዚቃውንም በአፉ ማውጣት ነበረበት፤ ካልቻለ ይባረራል። ጋሽ በቀለ በስተርጅናቸውም ይህን አልረሱም፤ ጥርሳቸው ቢሳሳም በአፋቸው ጊታር ይጫወቱ ነበር። የዚያ አገር ልጆች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሕግ ደግሞ ነበር፤ አክተር አይሞትም። አክተር ማለት ዋናው ሰው ነው። ሌላው ቢያልቅ እንኳ እሱ ይተርፋል፤ ስለዚህ የቱንም ያህል ብትፈራ መጨረሻውን ታውቀዋለህ። ያ ሕግ ለእኔ ከብርድ ልብስ በላይ ይሞቀኝ ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የጊታረኛውን ልጅ ፊልም ነበር። ልጁ ድሀ ነው፤ ከወንዝ ዋኝቶ ሲወጣ ከአንዲት ልጅ ጋር ይተዋወቃል፤ አንድ ዘፈን ያወጣላታል፤ ዘፈኑ አገር ያዳርሳል። በመጨረሻ፣ ዝናብ በሚጥልበት ማታ፣ በቀዩ መኪናው ወደ እሷ ሲከንፍ የራሱ ዘፈን በሬዲዮ ይመጣል፤ እሱም አብሮ ሲዘፍን መኪናው ድልድዩን ጥሶ ይወድቃል። እዚህ ላይ ጋሽ በቀለ ዝም ይላሉ። ፍሙ ይንጣጣል። እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ ጊታሩ ከአፋቸው ቀስ ብሎ ይመለስና ልጁ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ፣ ደረቱ ባዶ ሆኖ፣ እየሳቀ ከወንዙ ይወጣል።

«ሸሚዙስ?» እላለሁ ሁልጊዜ።

«ወንዙ ወሰደዋ!»

የዘፋኙን ስም ድሬዳዋ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም አሉ፤ «የወንዙ ዘፈን» ነበር የሚሉት። ወጣቱ ሮክ መደነስ የተማረው ከዚያ ሸራ ነው፤ የእግሩን አጣጣል ለመያዝ ሲል አንዱን ፊልም ደጋግሞ ይገባ ነበር። አርሊንግተን መጥተው ከእኛ ጋር ሶፋ ላይ ሆነው አዲስ ፊልም ሲያዩ ያ ዘፈን ድንገት ሲገባ ጋሽ በቀለ ጭናቸውን ይመቱ ነበር። «ይኸውላችሁ የኛ ሰው! ዘፋኙ አፈር ሆነ፣ ሲኒማ ቤቱ መጋዘን ሆነ፣ እሱ ግን ቤት አጥቶ አያውቅም። አንዱ ፊልም ሲያረጅበት ሌላው ያስጠጋዋል።» እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ሮውሌት በምትባል ከተማ፣ ሐይቅ አጠገብ፣ የአባቴ ጓደኛ ቤት ለልደት ሄድን። ትልልቆቹ ጓሮ ሆነው ሲጫወቱ እኛ ልጆች ሳሎን ቴሌቪዥን ፊት ተዘርግተን ነበር። የድሮ ፊልም ይታያል። ቀዩን መኪና ሳይ ልቤ ዘለለ። ድልድዩን ጥሶ ሲወድቅ ሌሎቹ ዓይናቸውን ሸፈኑ፤ እኔ ግን «አትፍሩ፣ አውቀዋለሁ፣ አሁን ከወንዙ ይወጣል!» ብዬ ጎረርኩባቸው። አልወጣም። መኪናውን በሰንሰለት ጎትተው አወጡት። ልጁ መሪው ላይ ተደፍቷል፤ ሬዲዮው ውኃ እያንጠባጠበ ይዘፍናል። ከዚያ መቃብር፣ ከዚያ የምታለቅሰው ልጅ፣ ከዚያ መጨረሻ።

ልጆቹ ሳቁብኝ። ሳቁን ረስቼዋለሁ፤ ያልረሳሁት የእጄንና የእግሬን መቀዝቀዝ ነው። ጋሽ በቀለ ዋሽተውኛል ብዬ ብቻ ቢሆን እናደድ ነበር። የገባኝ ግን ከዚያ የባሰ ነገር ነው፤ አክተር ከሞተ ማንም ሊሞት ይችላል። የእኔ አክተር ደግሞ አባቴ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ዘፈኑ ግን ከዚያ ወዲያ ያሳድደኝ ጀመር። ትምህርት ቤት ሁሉም የሚያወራለትን አስፈሪ ፊልም የጓደኛዬ እህት ስታይ ከበስተኋላዋ ሆኜ ብመለከት፣ ጭምብል ያጠለቀው ሰውዬ በር ሲከፍት የሚሰማው ያው ዘፈን ሆኖ አገኘሁት። ሰው ሲጨፍርበት የኖረውን ዘፈን ሰው ሊሞት ሲል የሚያስገቡት ለምን እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል፤ ደስታው ነው ፍርሃቱን የሚያብሰው። ያኔ ግን ዘፈኑ ራሱ ሞትን እየመራ የሚያመጣ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ደግሞ የቫኑን ሬዲዮ የድሮ ዘፈን ብቻ የሚያጫውት ጣቢያ ላይ አድርጎ አይነካውም፤ የወንዙ ዘፈን ሲመጣ ያፏጫል። እኔ ዘልዬ ጣቢያውን እቀይራለሁ። «ምነው ሳሪ፣ ተይልኝ እንጂ» ይልና፣ ሳሮን የሚለውን ስሜን አቆላምጦ፣ ይመልሰዋል።

ያቺ ቀን የመጣችው በጸደይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ሆነ፤ ወፎቹ ዝም አሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ የእኛ አካባቢ ካርታ በቀይ ተሸፈነ። ከዚያ የከተማው የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። ለሙከራ ሲጮህ ለምደነው ነበር፤ በዚያን ቀን ግን እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር ፍራሹን ከአልጋ ስትጎትት ሳይ ሙከራ እንዳልሆነ ገባኝ። ቶርኔዶ ነው፤ ቤት ከመሠረቱ የሚነቅል አውሎ ነፋስ። ስልኳ ጮኸ።

«ሳሮን፣ አንሺው! ዳዲ ነው!»

አነሳሁት። «ሳሪ፣ ለማሚ ንገሪያት፣ ሰዎቹን ድሮፕ አድርጌያለሁ፤ ወደ ቤት እየመጣሁ ነው። ትራፊኩ ስቶፕ አድርጓል፤ በረዶው ድንጋይ ነው የሚያክለው። ኦኬ? አይዟችሁ፤ አሁን ድልድዩ ላይ ነኝ...»

ከድምፁ በስተኋላ የወንዙ ዘፈን ይሰማ ነበር።

«ዳዲ፣ ሬዲዮውን አጥፋው! አጥፋው!» ብዬ ጮህኩ። ስልኩ ተቋረጠ።

«ምን አለሽ? ሶ የት ደርሷል? መልሰሽ ኮል አድርጊለት እንጂ!» ትላለች እናቴ። ደወልኩ፤ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። መብራቱም ጠፋ።

መስኮት የሌለው ቦታ ኮሪደሩ ላይ ያለው ክሎዜት፣ ልብስ የምንሰቅልበት ጠባብ ክፍል፣ ብቻ ስለነበር ካፖርቶቹ ሥር ተጨናንቀን ተቀመጥን፤ ፍራሹን ከላያችን አደረግን። እናቴ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» ትላለች። በረዶው ጣሪያውን ሲቀጠቅጠው ሕንፃው የሚፈርስ ይመስል ነበር። ጋሽ በቀለ ባትሪውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አበሩ፤ ፊታቸው ከታች በኩል ብርሃን ሲያገኝ ልክ ፍሙ ዳር እንዳለው ሆነ። እኔን ለማጽናናት ይሆናል፣ «እህ፣ መብራት ጠፋ...» ብለው ጀመሩ።

«አይንገሩኝ!» አልኳቸው። ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። «ይዋሻሉ! አክተሩ ሞቷል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ! ዘፈኑ እየተዘፈነ ነው የሞተው። አሁንም ዘፈኑ ዳዲ መኪና ውስጥ ነው፣ ዳዲም ድልድይ ላይ ነው!»

«ሳሮን!» አለች እናቴ።

ጋሽ በቀለ አልተቆጡም። «የት አየሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እንግዲያው ያልተቆረጠውን አይተሻል» አሉና አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ፤ በረዶው ማንንም አያሰማም ነበር። «ያ ፊልም ድሬዳዋ ሲደርስ ወንድሜ፣ የአባትሽ አባት፣ መኪናው ገደል ገብቶ ከተቀበረ ብዙም አልሰነበተም። አባትሽ ትንሽ ልጅ ነው፤ የሚይዝልኝ ሰው ስላልነበረ ማሽኑ ክፍል ይዤው እውል ነበር። ፊልሙን ጠዋት ለብቻዬ ስሞክረው መጨረሻውን አየሁ። እሱ ጥግ ላይ ጆንያው ላይ ተኝቷል። ማታ ሊያየው ነው አልኩ። የተበጠሰ ፊልም መቀጠል ሥራዬ ነው፤ መቀስ አነሳሁ። ሰንሰለቱን ቆረጥኩ፤ መቃብሩን ቆረጥኩ፤ ከመጀመሪያው ዋኝቶ ሲወጣ ያለውን አምጥቼ እዚያ ለጠፍኩት።»

«ለሰው ሁሉ?»

«ለከተማው ሁሉ። ሰው እያጨበጨበ ወጣ። ለብሶ ገብቶ ራቁት ደረቱን መውጣቱን ያስተዋለ ቢኖር ወንዙ ወሰደው አለ። ድሬዳዋ ውስጥ ያ ልጅ አልሞተም፤ ገባሽ? ለአባትሽ ያ ዘፈን ሰው ከውኃ የሚወጣበት ዘፈን ነው። አደራ፣ መጨረሻውን እንዳትነግሪው።»

መጽናናት ነበረብኝ፤ አልተጽናናሁም። የጋሽ በቀለ መቀስ እዚህ አይደርስም ብዬ አሰብኩ። እጃቸውን ግን ያዝኩ፤ እሳቸውም ከእናቴ ጋር «እግዚኦ» ማለት ጀመሩ። ይህንን ስሰማ ፍርሃቴ ባሰ፤ ለካ ነጋሪውም መጨረሻውን አያውቅም።

ነፋሱ በሌላ በኩል አለፈ። ከክሎዜቱ ወጥተን በሩ ላይ ቆምን፤ ግቢው በቅጠልና በበረዶ ተሞልቷል፤ መጥበሻው ተገልብጧል። ስልኩ አሁንም አይሠራም። እናቴ መንገዱን ታያለች፤ እኔ እናቴን አያለሁ። ሊመሻሽ ሲል አንድ የፊት መስታወቱ የረገፈ ቫን እየተንፏቀቀ ገባ። አባቴ ወረደ። ውኃ ከራሱ እስከ እግሩ ይንጠባጠባል፤ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፤ ደረቱ ባዶ ነው። ይስቅ ነበር፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነው።

«ሸሚዝህስ?» አለች እናቴ፤ ከዚያ ሁሉ ጭንቅ በኋላ የመጣላት ይኸው ነው።

አንዲት ሴትዮ መስታወት ጭንቅላቷን ቆርጧት ሸሚዙን ቀድዶ አስሮላት ነበር፤ ያን ኋላ ነው የነገረን። ያኔ ግን መልስ ሳይሰጥ ከኋላዬ የጋሽ በቀለ ድምፅ እየተቆራረጠ «ወንዙ ወሰደዋ» ሲል ሰማሁ።

ጋሽ በቀለ ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ከቀብራቸው በኋላ በአንዱ እሑድ ከአባቴ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጠን ሳለ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ መኪና መጣ። የጋሽ በቀለ አደራ ትዝ አለኝና ሪሞቱን አነሳሁ። «ሌላ ነገር እንይ፣ ዳዲ።»

«ተይው» አለኝ። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሳም። «ተኝቼ አልነበረም።»

«መቼ?»

«ያን ጠዋት፣ ጆንያው ላይ። ሲሞት አየሁት። ከዚያ የመቀሱን ድምፅ ሰማሁ። ማታ ከወንዙ ሲወጣ ጋሽ በቀለ የሚያዩት ሸራውን አልነበረም፤ የእኔን ፊት ነበር። እናም አጨበጨብኩ።»

መኪናው ወደ ድልድዩ ተቃረበ፤ ጊታሩ ከሩቅ መጣ። ፈራሁ። ከዚያ ሁሉ ተረት የቀረልኝ አንዱ ይህ ፍርሃት ነው፤ የትም አልሄደም፣ የሚሄድም አይመስለኝም። ሪሞቱን ግን አስቀመጥኩና፣ ቴሌቪዥኑን ትቼ፣ የአባቴን ፊት ማየት ጀመርኩ።