ከሐርለም የመጣች ትንሽ ሰላይ

በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በዲቪ እንደመጣሁ ያገኘሁት ሥራ ኦክላንድ ውስጥ አንዲት የሆላንድ ተወላጅ አሮጊት መንከባከብ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ እሳቸው ቤት አድራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ሳን ሆዜ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ሴትዮዋ እግራቸው እንጂ ምላሳቸው አልደከመም።

ተወልደው ያደጉት እዚያው ሆላንድ፣ ሐርለም በምትባል የድሮ ከተማ ነው። የቤታቸው ፎቶ ከአልጋቸው ትይዩ ተሰቅሏል። የጡብ ቤት ነው፤ ወርዱ ከአንድ በርና ከሁለት መስኮት አይበልጥም፣ ቁመቱ ግን አራት ፎቅ። ግንባሩ እንደ ደረጃ እየጠበበ ይወጣና ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ አለው። የመንጠቆውን ሥራ ጠየቅኳቸው።

«ደረጃችን እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው። ቁም ሣጥን በዚያ አይወጣም፤ በገመድ ጎትተን በመስኮት እናስገባዋለን» አሉኝ። «ፒያኖ ሲወጣ አይቻለሁ። ወፍራሟን አክስቴንም ለማውጣት ታስቦ ነበር፤ እምቢ አለች።»

የገረመኝ ግን መስኮቱ ነው። ትልቅ ነው፤ መጋረጃ የለውም። «መንገደኛው ሁሉ አያያችሁም?» አልኳቸው።

«ይየን። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው መጋረጃ ምን ያደርግለታል?» ቀጠል አድርገውም፣ «እኛም እናየዋለን፤ ያውም ሳያውቅ» አሉ።

ጣታቸውን ወደ ኦክላንዱ መስኮታቸው ቀሰሩ። ከውጭ በኩል፣ አጭር ብረት ላይ፣ የመጽሐፍ ያህል መስታወት ጋደል ብሎ ተገጥሟል። ፎቅ ላይ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ታች በር ላይ የቆመውን ሰው ከጫማው እስከ ባርኔጣው ያዩበታል። በአገራቸው «ትንሿ ሰላይ» ይሏታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን እሱ ሆነ። ደወሉ ሳይጮህ እንግዳውን ለይተው ይፈርዳሉ። «ፖስተኛው ነው፣ ክፈቺ።» «ኬክ መጋገር የማትችለው ጎረቤቴ ናት። ተኝተዋል በያት።» ወርጄ፣ ፊቴን አኮሳትሬ፣ ተኝተዋል እላለሁ። ኬኩን ግን እቀበላለሁ።

ሳን ሆዜ ደግሞ የራሴ እንግዳ ነበሩኝ። የእናቴ የድሮ ጎረቤት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። ከሳን ሆዜ አጠገብ፣ ካምቤል የምትባል ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ኮል ሳያደርጉ፣ ልጃቸውን መኪና ውስጥ አስቀምጠው ይመጣሉ። ቦርሳቸው ውስጥ ሳኒቬል የሚሠራ የአንድ ኢንጂነር ፎቶ አለ። ሰውየው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ፎቶውን ለዘጠነኛ ጊዜ ማየት አልፈለግኩም።

አንድ ቅዳሜ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት የፒክአፕ ስፖኪዮ አመጣሁና ሁለተኛ ፎቅ ካለው መስኮታችን ውጭ በሽቦ አሰርኩት። እህቴ፣ «ማኔጀሩ ካየው ከአፓርትመንቱ ያስወጣናል» ብላ ተቆጣች። እሁድ ሲደርስ ግን መስኮቱ ሥር ቀድማኝ የተቀመጠችው እሷ ናት።

እትዬ ከመኪና ሲወርዱ በስፖኪዮው ታዩን። ቴሌቪዥኑን አጠፋን። አንኳኩ፣ ጠበቁ፣ ሄዱ። በሁለተኛውም እሁድ እንደዚያው። ማፈር ነበረብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኛል።

በሦስተኛው እሁድ እትዬ ደረጃውን ሳይጀምሩ መስኮታችን ሥር ቆመው ቀና አሉ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ቅንድባቸውን አስተካከሉ፤ ነጠላቸውንም መለስ አደረጉ።

«ሻዩን ጣጂው ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ብዙም ሳያነሱ። «አንቺ ካየሽኝ እኔም አየሁሽ።»

በሩን ስከፍት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እትዬ፣ ባለፈው እኮ ተኝተን ነበር...»

«አውቃለሁ። መስኮት ላይ ነው የምትተኙት።»

ሻያቸውን ጠጡ። ፎቶውን አላወጡም፤ ዓይናቸው ስፖኪዮው ላይ ነበር። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ይሄ ነገር ካምቤልም ይሠራል?» አሉኝ።

ሰኞ ኦክላንድ ስመለስ ለአሮጊቷ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጥፋቱ የመስታወቱ አይደለም፤ የአቀማመጣችሁ ነው። የኛ ቤት ጠባብ ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ ረጅም ነው። ወደ ጨለማው ፈቀቅ ብለሽ ትቀመጫለሽ። ደጅ ብርሃን ላይ የቆመ ሰው ጨለማ ውስጥ ያለውን አያይም።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ካምቤል ሄጄ ለእትዬ አንድ ገጠምኩላቸው፤ ወንበራቸውንም ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ሳብኩት። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ መምጣቱን ተዉና ወሬያችን በስልክ ሆነ። ማን ውሻውን ይዞ የሰው ሣር ላይ እንደቆመ፣ የትኛው ጎረቤት አበባ ይዞ የት ቤት እንደገባና መቼ እንደወጣ ይነግሩኛል። የኢንጂነሩን ነገር ረሱት፤ እሱም ያለ ፎቶ ሌላ አገባ።

ሰኞ ጠዋት አሮጊቷ ገና ካልሲያቸውን ሳላጠልቅላቸው፣ «እሺ፣ ካምቤል ምን አለ?» ይሉኛል። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፤ ወሬውን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ሳምንቱ ጭር ያለ ከሆነ ከራሴም ጨመር አደርግበት ነበር።