ያላለቀው ቋጠሮ

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ ገበያ የቃጫ ገመድ ሸተተኝና የሂሳብ መምህራችን ትዝ አሉኝ። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል የሚያስተምረን ግድግዳው ላይ ያለው ፕላዝማ ነበር፤ በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ። ለእሳቸው የምትተርፈው አምስት ደቂቃ ናት።

አንድ ቀን አጠፉትና ቋጠሮ ያለው የቃጫ ገመድ አወጡ።

«ነይ የሌሞ ገጠሯ ልጅ፣ ጫፉን ያዢ። አባትሽ ቤት ሲቀይስ ማዕዘን የሚያወጣው በገመድ አይደል? ሦስት ቋጠሮ በዚህ፣ አራት በዚያ...»

ገና ሊገባኝ ሲል ዳይሬክተሩ ገባ።

«ቲቸር፣ ማን አጥፉት አለዎት?»

«ልጆቹ አልገባቸውም።»

«ፕሮግራሙ አይጠብቅም!» ብሎ ራሱ አበራው።

መምህሩ ገመዱን ከእጄ ወስደው እየጠቀለሉ፣ «አይ ልጄ፣ እኔም እንዳንቺው ተመልካች ነኝ» አሉኝ።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ላይ ወድቄ ቀረሁ። ዛሬ ገመዱን ገዝቼ ቤቴ ቋጠርኩት። ሦስት በዚህ፣ አራት በዚያ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳይሬክተሩ መምህሬን አላስጨረሳቸውም።