አባቴ ስልቻ ነፊዎችን የሸለሙበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ አባቴን መነጽር ላሠራላቸው ይዣቸው ስወጣ አቮንዴል እስቴትስ የሚባለው ሰፈር ላይ መንገዱ ተዘግቶ አገኘነው። ሰልፍ ነበር። ፖሊሱ በእጁ «ቁሙ» አለን፤ ከኋላዬ መኪናው ተደርድሮ መመለሻም ጠፋ። መስኮቱን ዝቅ ሳደርገው ድምፁ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ንብ ቀፎ ያለ እምምታ፣ ከዚያ በላዩ ላይ የሚዘል ቀጭን ዜማ። አባቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የቤታችንን የበር ደወል እንኳ መስማት ካቆሙ ቆይተዋል። ይሄን ግን ሰምተው ቀና አሉ።

«ዘሃራ፣ ዝርዝር ዶላር አለሽ?» አሉኝ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ምን እንዳሳቀኝ ለማስረዳት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ጊዜ መመለስ አለብኝ።

ያኔ ዲቪ ደርሶን ከደሴ መጥተን ክላርክስተን የምትባል ከተማ ከገባን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። እኔ እዚሁ አቮንዴል ውስጥ አንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት እሠራ ነበር። አውቶቡስ ከምጠብቅበት ፌርማታ ፊት ለፊት የሰፈሩ አዳራሽ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከዚያ የሚወጣውን ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ ሰሞን ፍየል የሚያርዱ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ብርዱ ሲጠናብኝ ገብቼ በሩ ጥግ ቆምኩ። የቡድኑ አለቃ፣ ሚስተር ዊልያም የሚባል ጡረታ የወጣ ራሰ በራ ፖስታ አዳይ፣ ማን ነሽ ምንድን ነሽ ሳይለኝ ወንበር ሰጠኝ። በሦስተኛው ማክሰኞ እጄ ላይ የመለማመጃ ዋሽንት አስቀመጠልኝ። እንዲህ ነው የገባሁት፤ ለመሞቅ ብዬ።

ባግፓይፕ የሚሉት መሣሪያ ክንድ ሥር የሚታቀፍ ከረጢት፣ ትከሻ ላይ የሚጋደሙ ሦስት ቧንቧዎችና በሁለት እጅ ጣቶች የሚጫወቱባት አንዲት ዋሽንት ነው። ከረጢቱን በአፍ እየነፉ በክንድ ይጫኑታል። አንዴ ከጀመሩ ወዲያ እጅ የሚባል ነገር የለም፤ ዝንብ አፍንጫ ላይ ብታርፍ እስኪበቃት ማስተናገድ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ላብ ነበር። ሻሼን አስሬ በላዩ የቡድኑን የሱፍ ቆብ ስደፋበት ላቤ እየተንቆረቆረ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

ቢሆንም ሰልፉን ወደድኩት። በሐምሌ ሙቀት አስፋልቱ ጫማችን ሥር እየለሰለሰ፣ ከፊታችን የሚሄዱት ፈረሶች የጣሉትን እየዘለልን፣ ዜማውን ሳንለቅ መንገዱን መጨረስ ትልቅ ሙያ ነበር። ሲያልቅ መንገድ ዳር ተቀምጠን ጨው ባለው ውሃ የተቀቀለ ትኩስ ኦቾሎኒ እንፈለፍላለን፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ጥቂት ነው። ነፊ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ የሚለብሰውን ጉርድም እናቴ አይታ «ይሄማ ሽርጥ ነው፤ የወሎ ወንድ ሲያገለድም የኖረው» ብላ ገላገለችኝ። ከሥሩ ጥቁር ሱሪ ለበስኩበት።

ችግሩ አባቴ ነበሩ። ደሴ ጨርቅ ነጋዴ ሳሉ ሰርግ ላይ አዝማሪ በመሸለም ስማቸው የታወቀ ሰው ናቸው። ብሩን በምራቅ እርስ አድርገው ግንባሩ ላይ ሲለጥፉለት መሰንቆው ራሱ ይስቅ ነበር ይባላል። አዝማሪ መሸለም ይወዳሉ፤ አዝማሪ መውለድ ግን ሐሳባቸው አልነበረም።

«የሸህ ይማም የልጅ ልጅ ስልቻ ስትነፋ ዋለች ይበሉኝ?» አሉ አንድ ቀን።

«አባባ፣ አዝማሪ እኮ አይደለንም። ኮሚውኒቲ ባንድ ነው። ኮምፒቲሽን ሁሉ እንገባለን።»

«ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ተረቱ የቆየ ነው፤ ያን ቀን ግን ስልቻው በእርግጥም አልጋዬ ላይ ተጋድሞ ነበር።

መስከረም ሲያልቅ ውድድሩ ደረሰ። አባቴ አስበው አስበው ፍርድ ሰጡ። «እመጣለሁ፤ አያለሁ። ደስ ካላለኝ ትተያለሽ።» እሺ አልኩ። ቃል ቃል ነው። ነገር ግን ለውድድር ስድስት ነፊ ግድ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከእኔ ጋር ልክ ስድስት ነን። እኔ ከወጣሁ ቡድኑ ሰልፍ ይሰለፍ እንደሆን እንጂ ውድድር አይገባም። ለሚስተር ዊልያም ነገርኩት።

«እንግዲያው ጥሩ አድርገን እንንፋ» አለኝና ቧንቧውን መቃኘቱን ቀጠለ።

ውድድሩ ከከተማ ወጣ ያለ ሰፊ ሜዳ ላይ ነበር። የታጨደ ሳርና የሚጠበስ ዘይት ይሸታል፤ በየዛፉ ሥር አንድ አንድ ቡድን ቆሞ ይቃኛል። እናቴ ሳምቡሳ በትልቅ ሳህን ይዛ መጣች። አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጭ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ነበር። እንደ ሰርገኛ የለበሰን ሰው አይቼ መጠርጠር ነበረብኝ፤ አልጠረጠርኩም።

በውድድር ጊዜ ቡድኑ እየተራመደ ገብቶ ክብ ይሠራል፤ ዳኞች ከውጭ እየዞሩ ይጽፋሉ፤ ተመልካች ከገመዱ አያልፍም። ገመዱ የጉልበት ቁመት ነበር። አባቴ ለበግ መከልከያ ነው ብለው እንዳሰቡ የሰማሁት በኋላ ነው።

ጥሩ ጀመርን። ቡድናችን ግን አንድ በሽታ ነበረበት፤ ስንፈራ አቀርቅረን ጣታችንን እናያለን፣ ካቀረቀርን ደግሞ እንፈጥናለን። ሚስተር ዊልያም ዓመቱን ሙሉ «አንገት ቀና!» ሲለን ኖሯል። ሁለተኛው ዜማ ላይ አንገቶች መውረድ ጀመሩ፤ ከበሮው ተከትሎን መሮጥ ጀመረ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል። አለቀልን ስል ነጭ ኩታ አየሁ።

አባቴ ገመዱን ተሻግረው፣ እንደ ክብር እንግዳ ቀስ እያሉ ወደ ክቡ ገቡ። ዶላር አወጡ፤ ምራቃቸውን አስነኩት፤ የሚስተር ዊልያም ራሰ በራ ግንባር ላይ ለጠፉት። የሰውየው ዓይን ፈጠጠ፤ ጣቶቹ ግን አልሳቱም። ከሱ ወደ ቀጣዩ፣ ከቀጣዩ ወደ ሌላው አለፉ። የተሸለመ ሁሉ ዶላሩ እንዳይወድቅበት አንገቱን ቀጥ አደረገ። አንገት ሲቀና ሩጫው ቆመ። በሕይወታችን እንደዚያ ተስማምተን ነፍተን አናውቅም።

መጨረሻ ላይ ፊቴ ቆሙ። እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱና አዩኝ፤ መልሰው ባዶውን አወጡት። ከዚያ የኩታቸውን ጫፍ ይዘው ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ ጉንጬን ቀስ አድርገው ጠረጉልኝ። ወዲያው ቢጫ ሰደርያ የለበሰ አስተባባሪ ክንዳቸውን ይዞ አስወጣቸው። እናቴ ከገመዱ ማዶ እልልታዋን አቀለጠችው። እያለቀስኩ ነፋሁ።

ሁለተኛ ወጣን። አንደኛው ዳኛ እየሳቀ «ሽማግሌውን ሁልጊዜ ይዛችሁት ኑ» አለን። ሚስተር ዊልያም ዶላሩን በመስተዋት አሠርቶ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሳምቡሳውን ነፊና ከበሮ መቺ ተሻምቶ ጨረሰው። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ «ማክሰኞ አውቶቡስ አትጠብቂ፤ እኔ አደርስሻለሁ» አሉ። በዚያው አለቀ። እኔም ልጆቼ እስኪበዙብኝ ድረስ ስነፋ ኖርኩ።

ያን ቀን የተነሳነው ፎቶ ቤቴ አለ። ሁሉም ግንባር ላይ ዶላር አለ፣ ከእኔ በቀር። ለልጆቼ «ሽልማት ለአዝማሪ ነው፤ እኔን ግን እንደ ልጅ ጠረጉኝ» እያልኩ ስተርክ ኖሬያለሁ። እውነት ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን ፎቶውን ሳየው በትንሹ ይከፋኛልም፤ ልጃቸውን ተቀበሉ፣ ነፊዋን ግን አለፏት እያልኩ። ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ዕለት መንገዱ ተዘግቶ፣ የትም መሄጃ አጥተን ሳለ ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ ጮክ ብዬ ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ያኔ ሁሉንም ሸልመው እኔን ለምን ጠረጉኝ?»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ላብሽ እንደ ጎርፍ እየወረደ የት ላይ ሊጣበቅልኝ? ጠርጌ ልለጥፍልሽ ስል ያ ቢጫ ለባሽ ጎትቶ አስወጣኝ እንጂ። ለነሱ አንድ አንድ ዶላር ነው የሰጠሁት። ያንቺን ሃያዋን ለብቻዋ በደረት ኪሴ ይዤ ነበር።»

ለካ ሰው ወደ ሠላሳ ዓመት በተሳሳተ ምክንያት ሲደሰትም ሲከፋውም መኖር ይችላል። ሁለቱንም ነበር የተቀበሉት፣ ልጃቸውንም ነፊዋንም፤ ጊዜ ነው ያጠራቸው።

እሳቸው ቦርሳዬን ከፍተው ይበረብሩ ነበር። ዝርዝሩን ትተው ሃያ ዶላር መዘዙ፤ የገዛ ሃያ ዶላሬን። ምራቃቸውን አስነክተው ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝ፤ በመዳፋቸውም ጫን አደረጉት። ነፊዎቹ እያለፉ ነበር። ፖሊሱ መንገዱን ከፈተና እንድሄድ ምልክት ሰጠኝ፤ ግንባሬንም አየና አፉን ያዘ። ሁለት እጄ መሪው ላይ ነበር። አንገቴን ቀና አድርጌ እስከ መነጽር ቤቱ ድረስ ነዳሁ።