አው ሙሜ ያላስተማሩን ምት

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ እንደ አው ሙሜ ተረት የሚያናድደኝ ነገር አልነበረም። አው ሙሜ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ የስፌት መኪና ድምፅ በማይቋረጥበት የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ተኳሽ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ግን ዱላ ብቻ ይዘው የሲራራ ነጋዴዎችን ግመል ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲመሻሽ፣ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ሲከድኑ፣ ከካውያው ሆድ የተረፈውን ፍም ጣሳ ላይ ይገለብጡና ፋኖሱን ያበራሉ፤ እኔና የልጃቸው ልጅ አብዶሽ የተለበለበ ሱፍ በሚሸተው ጭስ ውስጥ እግራቸው ስር እንቀመጣለን።

ተረታቸው ደህና ይጀምርና መጨረሻው ይበላሻል። አንድ ጉልበተኛ የውሃ ጉድጓድ ላይ ቆሞ አላስጠጣም ይላል፤ እሳቸው ዱላቸውን ያነሳሉ፤ እኛ ትንፋሻችንን ዋጥ እናደርጋለን።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሱ ቀድሞ ጠጣ፣ እኛም ተከትለን ጠጣን። አልሐምዱሊላህ፣ ውሃው ለሁሉም በቃ።»

ያኔ ሽማግሌው ፍርሃታቸውን በተረት የሚሸፍኑ ይመስለኝ ነበር። ዱላ ሲያሰለጥኑንም ነገሩ ያው ነው፤ መመከት እንጂ መምታት አያሳዩንም። «መምታት ምን ትምህርት ያሻዋል? አህያም ይራገጣል» ይላሉ። አንድ ነገር ግን ዘነጉ፤ መመከትን ለማስተማር የግድ የሚሰነዝር ሰው ያስፈልጋል፤ የሚሰነዝሩትም ራሳቸው ነበሩ። «ምከት!» ሲሉ የአብዶሽ ዓይን የራሱ ዱላ ላይ ነው፣ የኔ ዓይን የእሳቸው እጅ ላይ። ክረምቱ ሳይወጣ ምታቸውን አንድ በአንድ ለቅሜ ወሰድኩ።

አብዶሽ ያኔ መኪና ፊት መቀመጥ ጀምሮ ነበር፤ እጁ ቀና ነው፣ ጥሩ ሰፊ ይወጣዋል ይባል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በኳስ ተጣላን። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰው በማያሳልፈው ቀጭን መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። የሰፈሩ ወግ ቀላል ነው፤ አንዱ ጀርባውን ከግንቡ ለጥፎ «እለፍ» ይላል፣ ሌላው ያልፋል። አብዶሽ የተተኮሰ ልብስ በሁለት እጁ ታቅፏል። ግንቡን ተጠጋና እየሳቀ፣ «እለፍ፣ ዋርያ!» አለኝ፤ በኛ ሰፈር «አንተዬ» እንደ ማለት ነው።

በያዝኩት ዱላ መታሁት። ሰፊ ቦታ የማይፈልገውን፣ የአው ሙሜን አጭር ምት። መመከት ከኔ የተሻለ ይችል ነበር፤ ለመመከት ግን የሰው ልብስ ጭቃ ላይ መጣል ነበረበት፤ አልጣለም። ዱላው ቀኝ አውራ ጣቱንና ከአጠገቡ ያለውን ሰበረ።

ወጌሻ አሸው፣ አሰረው፤ ጣቶቹ ግን ደርቀው ቀሩ። በሳምንቱ አው ሙሜ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤታችን መጡ። አባቴ አለንጋ ይዞ ሊነሳብኝ ሲል ከለከሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አብዶሽ ምን አደረገህ?»

«ሳቀብኝ» አልኩ።

ወደ አባቴ ተመለሱና፣ «አፉ በለኝ፤ ያን ምት ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉት። ያን ነጭ ጢም ይዘው እግሩ ስር ሊወድቁ ሲሉ አባቴ ደግፎ አነሳቸውና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፤ ልክ እንደ ተበዳይ። እኔም ከኋላው ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ዛሬም የማፍረው በምቱ ብቻ አይደለም፣ በዚያ ዝምታዬ ጭምር እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ተረት አላወሩልንም። ሲመሻሽ ፍሙ ላይ ውሃ ያፈሱበትና ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ዛሬ እሳቸው የነበሩበት ዕድሜ ላይ ደርሼ ሳስበው፣ ያንን ጉልበተኛ በአንድ ምት መጣል ይችሉ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ምታቸውን አውቀዋለሁና።

አብዶሽ መኪና ፊት ዳግመኛ አልተቀመጠም። አፉ ብሎኛል፤ ሸዋ በር ገበያ ስንገናኝ ቀድሞ የሚጠራኝም እሱ ነው። ቀኝ እጁ አልጨብጥ ስለሚለው ግን፣ በልቶ እጁን እንዳልታጠበ ሰው ክንዱን ይዘረጋልኛል። የሚያየን ሰው ከምሳ ላይ የተነሳ ይመስለዋል። እኔም ክንዱን ይዤ ስለ ኑሮ ውድነት አወራለሁ።