ከቢሮ ተሞልቶ የወጣ ቅጽ

የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ሥራ ምት መቁጠር ነበር። ከኮተቤ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ለአንድ ሕንፃ መሠረት አፈር እንመረምር ነበር። ስድሳ ሦስት ኪሎ ተኩል የሚመዝን መዶሻ በገመድ እየተሳበ ይወጣል፤ ይለቀቃል። ብረቱ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር እስኪወርድ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተመታ ቆጥሬ እጽፋለሁ። ይህ ሦስት ጊዜ ይደረጋል። የመጀመሪያው ቁጥር ይተዋል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ይደመራሉ። ድምሩ ትንሽ ከሆነ አፈሩ ልል ነው፤ ብዙ ከሆነ ጠንካራ ነው።

ፎርማናችን ጋሽ ሽመልስ “ጮክ ብለሽ ቁጠሪ” አሉኝ።

“ለምን?”

“እኔም እንድሰማሽ። በሆዱ የሚቆጥር ሰው ሲያንቀላፋ አይታወቅበትም።”

ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ከሰዓት በኋላ ድምፄ ተዘጋ። ጋሽ ሽመልስ ሳቁና “ነገ ማር ልሰሽ ነይ፤ ገና ሁለት ጉድጓድ ይቀረናል” አሉ።

በዚያ ቡድን ውስጥ አራት ዓመት ሠራሁ። አሁን የጂኦሎጂ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ለልምምድ እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ የሚመደቡ ይኖራሉ። የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው። ከመምህሮቻችን የተሻለ አውቃለሁ ማለቴ አይደለም። አንድ የተሳሳትኩት ነገር ስላለ ነው።

የሥራው ደረጃ እንዲህ ነበር። ከሁሉም በላይ ኢንጂነር ኤልያስ አሉ፤ ሪፖርቱን የሚጽፉትና ከደንበኛ ጋር የሚነጋገሩት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ፎርማኑ፣ ከዚያ ሪግ የምንለውን መሰርሰሪያ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬተር፣ ከዚያ ሁለት የጉልበት ሠራተኞች። እኔ መዝጋቢ ነበርኩ። መዝጋቢ መዶሻ አይነካም። ነገር ግን መዝጋቢ ያልጻፈው ነገር እንዳልተቆፈረ ይቆጠራል።

አፈር በእጅ መለየት ያስተማሩኝ ጋሽ ሽመልስ ናቸው። ጥቁር መሬት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቀዩን አፈር በውኃ አርጥበው በጣቶቻቸው መካከል እንደ ክር ያሹታል፤ ክሩ ቶሎ ከተበጠሰ አሸዋ አለው። ከናሙናው ውስጥ የሸክላ ስባሪ ወይም የፌስታል ቁራጭ ሲወጣ ግን ፊታቸው ይለወጣል። ያ ሙሌት ነው።

“እኔ የምፈራው ሰው ያመጣውን አፈር ነው” ይሉ ነበር። “እግዜር ያስቀመጠው የት እንደሚያልቅ ይገመታል። ሰው የደፋው ግን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው የደፋው ሰው ብቻ ነው።”

ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ቅጽ አለ። ጥልቀት፣ ቀለም፣ እርጥበት፣ የምት ብዛት፣ የውኃ ወለል ይጻፍበታል። ከታች የመጨረሻው መስመር “ከአካባቢው ነዋሪ የተገኘ መረጃ” ይላል። ከእኔ በፊት የነበሩት መዝጋቢዎች ሁሉ እዚያ መስመር ላይ “የለም” ብለው ነው የጻፉት። ነዋሪ ሲጠየቅ አይቼ አላውቅም።

እኔ ደግሞ ሥራ የማቃልል መስሎኝ አንድ ነገር ጨመርኩ። ሰኞ ሰኞ ቢሮ ቁጭ ብዬ የሳምንቱን ቅጾች አስቀድሜ እሞላ ጀመር። የፕሮጀክቱ ስም፣ የማሽኑ ቁጥር፣ የእኔ ስም፤ ከታች ደግሞ በጥሩ ጽሕፈት “የለም”። መስክ ላይ በነፋስና በአቧራ መካከል የሚጻፈው ነገር አነሰ።

ኢንጂነር ኤልያስ አንዱን ቅጽ አንስተው ለሁሉም አሳዩ። “እዩት። ስርዝ ድልዝ የለውም። እኔ የምፈልገው እንዲህ ክሊን የሆነ ነው።”

ጋሽ ሽመልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ “ቁም ጸሐፊዋ” አሉኝ። “ቁም ጸሐፊዋ፣ ብራናሽን ሰብስቢ፣ ዝናብ መጣ” ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ስርዝ ያለበት ቅጽ ኢንጂነሩ ፊት ቀርቦ ይፈረምበታል፤ ምክንያቱም ይጠየቃል። የእኔ አንድም ቀን አልቀረበም።

በሦስተኛው ዓመት ከዚያው ዳገት ላይ ሌላ ሥራ መጣ። አንድ ባለሀብት ግቢውን ለማስተካከል የድጋፍ ግንብ ሊያስገነባ ነበር። ግንቡ ከሚቆምበት መስመር ሥር አንዲት የጭቃ ቤት አለች፤ ከጎኗ ጌሾና ጎመን ተተክሏል። የጋሽ ተክሌና የባለቤታቸው የወይዘሮ ብርቄ ቤት ናት። ፕላኑ ሦስት ጉድጓድ ይላል። ሁለቱን ቆፍረን በሁለት ሜትር ገደማ ዓለት አገኘን። ሦስተኛውን ጀምረን ሳለ ጋሽ ተክሌ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

“እንዴት ዋላችሁ? ምን አገኛችሁ?”

“ድንጋይ ብቻ ነው አባቴ” አሉ ጋሽ ሽመልስ። “ወርቅ የቀበሩበትን ካሳዩን ግን ቶሎ ጨርሰን እንወርድልዎታለን።”

“ወርቅ ቢኖረኝ እዚህ ዳገት ላይ ጉልበቴን እጨርስ ነበር?” ብለው ሳቁ። ከዚያ በከዘራቸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉድጓድ መካከል ያለውን ሣር አመለከቱ። “እዚህ ጋ ግን ድንጋዩንም አታገኙት።”

“እንዴት አወቁ?” አልኳቸው።

“እኔ ነኛ ያወጣሁት! በወጣትነቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበርኩ። ከዚያ ባሕር ዛፍ እስከዚህ ድረስ ጉድጓድ ነበር፤ ሁለት ሰው ቢደራረብበት ራሱ አይታይም። በኋላ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ እየጫኑ መጥተው ሞሉት። ሣር ሲበቅልበት ሁሉም ረሳው።”

ጋሽ ሽመልስ ሳቃቸውን አቆሙ። ፕላኑን ዘርግተው አዩ። “አራተኛ ጉድጓድ ለመጨመር የሚያዙት ኢንጂነሩ ናቸው። አንቺ ጻፊው፤ እሳቸው ይወስኑ” አሉኝ።

“ጻፊው ልጄ” አሉ ጋሽ ተክሌም። “ስሜንም ጻፊ። ጠራቢው ተክሌ ነው ያለው በይ።”

“እሺ ጋሼ፣ እጽፈዋለሁ” አልኩ።

ቅጹን ገለጥኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ “የለም” ይላል። በእኔ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከሰኞ ጀምሮ።

ልሰርዘው እስክሪብቶውን አስጠጋሁ። ከሰረዝኩት ኢንጂነሩ ምክንያቱን ይጠይቃሉ። ምክንያቱን ከተናገርኩ ደግሞ የሁለት ዓመት ቅጾቼ ሁሉ ቢሮ ውስጥ እንደተሞሉ ይታወቃል። ጋሽ ተክሌ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ሲወርዱ እያየሁ ቅጹን ዘጋሁት። በቃል እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

በማግሥቱ ኢንጂነር ኤልያስን የመኪና ቁልፍ እንደያዙ በር ላይ አገኘኋቸው።

“ኢንጂነር፣ የዳገቱ ሰውዬ ቦታው ድሮ ድንጋይ ይወጣበት ነበር አሉ።”

“ሦስቱም ጉድጓድ ዓለት ነክቷል አይደል?”

“ነክቷል።”

“ቅጹ ላይ አስገብተሽዋል?”

“አላስገባሁትም።”

“በመንገድ የተሰማ ወሬ ሁሉ ሪፖርት ውስጥ አይገባም፣ ማሂ። ቁም ነገር ነው ካልሽ ጽፈሽ አምጪልኝ፤ አየዋለሁ።”

ጽፌ አልወሰድኩም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ጥፋቱን ወደ እሳቸው ማዞር ቀላል ስለሆነ ነው። በሩን ክፍት ትተውልኝ ነበር። ሪፖርቱ በሳምንቱ ወጣ።

ግንቡ በበጋ ተሠራ። በተጠረበ ድንጋይ የተለበጠ፣ ከታች ካለው መንገድ የሚታይ ግንብ ነበር። በዚያው ሰሞን ከአዋሽ በኩል የሚመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ደጋግሞ ተሰማን። እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ እኖራለሁ። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ደረጃውን ሮጠው ይወርዱና “አንቺ የመሬት ሠራተኛ አይደለሽ? ይኼ ሕንፃ ይችላል?” ይሉኛል። “አይዟችሁ” እላለሁ። ስለዚያ ሕንፃ መሠረት የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም።

ክረምቱ ገባ፤ ሙሌቱም ውኃ ጠጣ። ነሐሴ ላይ አንድ ረፋድ ግንቡ መጀመሪያ አዘነበለ፣ ከዚያ በጭቃ ቤቷ ላይ ተናደ። ጋሽ ተክሌ ለፍልሰታ ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ወይዘሮ ብርቄ ጓዳ ነበሩ። ጎረቤት ተረባርቦ በሕይወት አወጣቸው፤ ግራ እግራቸው ግን ከጉልበቱ በታች ደቆ ነበር።

በሳምንቱ ምክንያቱን ለማጣራት ሪጉን ይዘን ወጣን። አራተኛውን ጉድጓድ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መካከል፣ ጋሽ ተክሌ በከዘራቸው ያመለከቱበት ቦታ ላይ ጀመርን። እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።

“አንድ።”

አሥራ አምስት ሳንቲሜትር በአንድ ምት ወረደ። ሁለተኛውም በአንድ። ሦስተኛው በሁለት። ድምር ሦስት። ከናሙና መያዣው ውስጥ ጥቁር ጭቃ፣ የቆርቆሮ ቁራጭና ኖራ የተቀባ የግድግዳ ጭቃ ወጣ።

ጋሽ ሽመልስ ማሽኑን አስቆሙት። “ሽማግሌው የነገሩሽን ጽፈሽ ነበር አይደል?” አሉኝ።

የቆርቆሮውን ቁራጭ ወደ ናሙና ከረጢት ከተትኩ። እሳቸውም ጥያቄውን አልደገሙትም። ከዚያ ቀን በኋላ ቁም ጸሐፊዋ ብለውኝ አያውቁም። በስሜ ነው የሚጠሩኝ።

በሰፈሩ የሚወራው ግንቡን የጣለው መንቀጥቀጡ ነው የሚል ነበር። ባለሀብቱም እንደዚያው አሉ። ስሰማ እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴን አልደብቅም።

ወደ ጥቅምት ገደማ የካ አባዶ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ትከሻዬን በከዘራ የነካኝ ሰው ነበር። ዞር ስል ጋሽ ተክሌ ናቸው። ልጃቸው የምትኖረው እዚያው ኮንዶሚኒየም ነበርና ቤታቸው ሲፈርስ እሷ ዘንድ ገብተዋል።

“እማማ ብርቄ እንዴት ናቸው?” አልኳቸው።

“አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ተሸክመን አወጣናት፤ ከወጣች አልወረደችም። በመስኮት ጎመን የሚተከልበት መሬት ትፈልጋለች፤ ከየት ይምጣ?”

ከፊታቸው ወደ ቆመችው ሴትዮ ዞሩ። “ይቺን ልጅ አየሻት? አስቀድማ ጽፋላቸው ነበር። ስሜን ሁሉ ጽፋለች። ኃላፊ ተብዬዎቹ ናቸው ሳያነቡ የጣሉት። የድሃ ቃል ማን ያነባል?”

“እግዜር ይይላቸው” አለች ሴትዮዋ። እኔን በአዘኔታ አየችኝ።

ዝም ብል ያ ነገር እዚያው ይቀር ነበር። ሰልፉ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቀሰ።

“ጋሽ ተክሌ፣ አልጻፍኩትም” አልኩ።

“ምን አልሽ?”

“የነገሩኝን አልጻፍኩትም።”

“እኮ ለምን? እሺ ብለሽኝ አልነበር?”

“የሚጻፍበት ቦታ አስቀድሞ ተሞልቶ ነበር። ከቢሮ ሳልወጣ ነዋሪ የነገረኝ ነገር የለም ብዬ ጽፌበት ነበር። መሰረዝ ፈራሁ።”

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

“ገና ሳታገኚኝ?” አሉ።

“ገና ሳላገኝዎት።”

ታክሲው መጣ። ረዳቱ “መገናኛ፣ መገናኛ! የሞላ!” እያለ ይጮኻል። አንድ ቦታ ብቻ ነበር የቀረው። ጋሽ ተክሌ ከዘራቸውን ሰብስበው ገቡ፤ በመስኮቱ በኩል ነበር የተቀመጡት፤ ወደ እኔ ግን አልዞሩም።

በማግሥቱ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሁሉንም ጻፍኩ። የጀመርኩት “ጠራቢው ተክሌ ነው ያለው” ብዬ ነው። የእኔንም ጥፋት ጨመርኩበት። ኢንጂነር ኤልያስ ቆመው አነበቡት።

“አሁን ይህን ምን ላድርገው?”

“ፋይሉ ውስጥ ይግባ።”

አስገቡት። ከዚያ በኋላ ማን እንዳነበበው አላውቅም። ጋሽ ተክሌ ካሳ አግኝተው እንደሆነም አልሰማሁም። በመሳቢያዬ ውስጥ የቀሩትን የተሞሉ ቅጾች ቀደድኳቸው፤ ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ወራት ቅጾቼ ሁሉ ስርዝ ነበረባቸው።

ቅጽ ከቢሮ ተሞልቶ አይወጣም። የነዋሪው መስመር የሚሞላው ነዋሪው ፊት ተቁሞ ነው። እስከዚያ ድረስ ባዶ ይቆይ።