የበዴሳው ሾፌርና አዲሱ አልበማችን

ሶዶ ውስጥ በጩኸቱ የታወቀ የሮክ ባንድ ዘፋኝ ነኝ። ዘንድሮ ግን ረጋ ያለ አልበም አወጣንና አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ «ልጆቹ በስለዋል፤ ግን ያስተኛሉ» ብሎ ተቸን። ቅያሜው ከሆዴ ሳይወጣ ወደ በዴሳ ለመሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጋቢና ተቀምጬ ጥቂት እንደሄድን ሾፌሩ ሙዚቃ ከፈተ፤ የእኛኑ አዲሱን አልበም!

ከኋላ የተቀመጡ ተማሪዎች ወዲያው ጮኹ። «ኧረ ሾፌር፣ የድሮውን አድርግልን! እነዚህ ልጆች እኮ አርጅተዋል!»

ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ ሳብ አደረግኩ። ሾፌሩ ግን ድምፁን ትንሽ ጨመረው። ቢያጉረመርሙም ፍንክች አላለም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ በመጨረሻ ሥራችን የገባው ሰው ተገኘ።

ማንነቴን ሳልናገር «ይሄን አልበም በጣም ትወደዋለህ ማለት ነው?» አልኩት።

«ምኑን እወደዋለሁ?» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «እኔም የምወደው የድሮውን ነው። እሱን ስሰማ ሳላውቀው ነዳጅ እረግጣለሁ። አምና እሱን ከፍቼ ነው መኪና የገለበጥኩት። ታናሽ ወንድሜ እንዳንተ ጋቢና ነበር የተቀመጠው። አልተረፈም።»