ፈቃዴን በፈቃዴ

ያኔ የምሠራው ወልድያ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ በሚገኝ ሆቴል ነበር። ሆቴል ይባል እንጂ ከታች ምግብ ቤት፣ ከላይ መኝታ ክፍሎች ያሉት መጠነኛ ፎቅ ነው። የእኔ ሥራ ከላይ ነው፤ አልጋ አነጥፋለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ሥራ አዋቂ፣ እጃቸው የማይሰስት፣ ምላሳቸው ግን ማንንም የማይምር ሴት ነበሩ። እሳቸው ዘንድ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ለአንድ ሠራተኛ ለስለስ ያለ ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አመመኝ ያለቻቸውን «ሥራ ያሽርሻል» ይሏታል። እኔም ነገር የምውጥ ሰው ስላልነበርኩ በሩቁ እንከባበር ነበር።

የዓመት ፈቃዴን ለሐምሌ አስቀድሜ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ሐምሌ አባቴ ጤፍ የሚዘራበት ወር ነው። አባቴ ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ሐብሩ ገጠር ውስጥ ብቻውን ይኖራል። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ከእኔ በቀር ልጅም የለው። ከጥማዱ የቀረው አንድ በሬ ነው፤ የራሱ ጉልበትም ከድቶታል። ስለዚህ በየዓመቱ ጅጌ ይጠራል። ጅጌ የተጠራ ዕለት ጎረቤቱ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በሬውን እየነዳ ይመጣና ማሳውን አርሶ ዘርቶለት ይሄዳል። ክፍያ የሚባል ነገር የለም፤ ምሳና የሚጠጣ ማቅረብ ግን ግድ ነው። ሁሉም ከአንድ ማዕድ እንዲቆርስ ሥጋ አይገባበትም። ሁሉም እንዲጠጣው ደግሞ በጠላ ፈንታ የማያሰክረው ቅሪቦ ይሰናዳል። ያንን የማሰናዳው እኔ ነኝ። እኔ ካልሄድኩ ጅጌው አይጠራም፣ ጅጌው ካልተጠራ ጤፉ አይዘራም፣ ጤፉ ካልተዘራ አባቴ በስተርጅና የሰው እጅ ሊያይ ነው። ይህን ሁሉ ለእትዬ አስረድቼ «ይሁን፣ ሂጂ» ብለውኝ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ጦርነቱም ወደ እኛ ቀረበ። ከራያና ከቆቦ በኩል የተፈናቀለ ሰው ከተማውን ሞላው። የሌለው ትምህርት ቤት ይጠለላል፣ ያለው አልጋ ይከራያል። በዚያ ላይ የእርዳታ ሠራተኛው፣ ጋዜጠኛው፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ አለ። ክፍሎቹ ሞልተው ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ አነጠፍን፤ አንሶላ ገና ሳይደርቅ ይፈለጋል። ይሄኔ እትዬ ሁላችንንም ኩሽና ሰበሰቡን።

«ከዛሬ ጀምሮ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም» አሉ። «የተፈቀደለትም ይተወው። አገር እንዲህ ተጨንቆ ዕረፍት የሚያምረው ሰው አለ?»

ዕረፍት! ጭስ ላይ ተደፍቶ ለጅጌ ምሳ ማብሰል ዕረፍት ከሆነስ እሳቸው ይረፉበት አልኩ፤ በሆዴ ነው ታዲያ።

ነገሩ በክልከላ ቢያበቃ እችለው ነበር። እሳቸው ግን ነገ የሚጠይቅ እንዳይመጣባቸው ለእያንዳንዳችን ወረቀት አስጽፈው አመጡ። ወረቀቱ ላይ ያለው ይኸው ነው፦ «የዓመት ፈቃዴን በፈቃዴ ትቻለሁ።» ከሥሩ መፈረም ነው። አብራኝ የምታጥበው ጓደኛዬ ወልዳ የተኛች እህቷን ልትጠይቅ ሐራ ለመሄድ ተሰናድታ ነበር። «ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው» ብላ ፈረመች። ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ እስክሪብቶውን ይዤ ቃሉ ላይ ተተከልኩ።

«እትዬ፣ ከከለከሉኝ ይከልክሉኝ» አልኩ። «በፈቃዴ ብዬ ግን አልፈርምም። የእኔ ፈቃድ መሄድ ነው።»

«ደግሞ ቃል ማማረጥ ጀመርሽ?»

«ቃሉን የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ያነበብኩት ነው።»

ጓደኛዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እትዬ ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ።

ከዚያ በኋላ የጠዋት ሰላምታችን «ፈረምሽ?» ሆነ። «ከተማው በሙሉ ሥራ ፈላጊ ነው» ይላሉ ሲያልፉ። «አባትሽ ጎረቤት የላቸውም?» አሉኝ አንድ ቀን፤ ይቺ አንገበገበችኝ። አባቴን ጭቅጭቁ ውስጥ ላስገባው ስላልፈለግሁ መወልወያዬን አንስቼ ወደ ላይ ወጣሁ። ወለል ስወለውል በመስኮቱ ዝናቡን አያለሁ። ደመናው ወደ መርሳ በኩል ሲሄድ የአባቴን ማሳ አስባለሁ። አባቴ ስልክ የለውም፤ መርሳ ገበያ ሲወጣ ከአንዲት ማንጎ ነጋዴ ስልክ ይደውልልኛል። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል «ጅጌውን ለመቼ ልጥራ?» ብሎኝ ነበር፤ «እልክብሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

የፈቃዴ ቀን ደረሰ። ያን ዕለት ጠዋት ግቢው ውስጥ አንሶላ ሳሰጣ እትዬ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። የአንሶላውን አንድ ጫፍ ያዙልኝ። እትዬ እርጥብ አንሶላ ሲነኩ አይቼ አላውቅም። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጄ» አሉኝ። «ተይው ይሄን። ተነሺና አገርሽ ሂጂ።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱ ይቅር። ዛሬውኑ ሂጂ።» ከኩሽና ስኳርና ቡና በፌስታል አስይዘው አመጡልኝ። ፌስታሉን እጄ ላይ አድርገው ጣቶቼን ጨበጥ አደረጉና «አይዞሽ» አሉ።

በእኛ አገር የሞት ወሬ በቀጥታ አይነገርም። መርዶው የሚላከው ለአሠሪ፣ ለጓደኛ፣ ለጎረቤት ነው። እነሱ ይመካከሩና ሰውየውን በሆነ ምክንያት ስኳርና ቡና አስይዘው ወደ አገሩ ይሸኙታል። እትዬ ፈቃድ ሰጡኝ፤ ልጄ አሉኝ፤ ይባስ ብለው አይዞሽ አሉኝ። ይህ ሁሉ ደግነት ከእሳቸው አፍ በአንድ ጠዋት ሲወጣ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ፤ አቀርቅራ ታጥባለች። አባቴ ሞቷል። መጠየቅ ወግ ስላልሆነ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ሲሪንቃ ሳይደርስ እንባዬ አመለጠኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ «ማን ነው ልጄ?» አሉኝ። «አባቴ» አልኳቸው። «ኢና ሊላሂ» ብለው መቁጠሪያቸውን አወጡ። ረዳቱ ሙዚቃውን አጠፋ። ከፊት ያሉ እናት ሳይዞሩ ማልቀስ ጀመሩ። ለእኔ አባት ይሁን ለራሳቸው ሰው እንጃ፤ በዚያ ክረምት የሚያለቅስለት ሰው ያልነበረው አልነበረም። መርሳ ስወርድ ሽማግሌው «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አሉኝ።

ከመርሳ ወደ ሰፈራችን በእግር ነው። ቤታችን የሚታይበት ኮረብታ ላይ ስደርስ ነጠላዬን አገልድሜ ጮህኩ። «አባዬ! ጤፍህን ሳትዘራ!» አልኩ። ሰፈሩ ከየማሳው ነቅሎ ወጣ። በእኛ ዘንድ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ኋላ ነው። በዚያ ወቅት ደግሞ ከወልድያ በኩል እየጮኸች የምትመጣ ሴት ምን ልትል እንደምትችል ሁሉም ሲፈራው የቆየ ነገር ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ፣ ወንዶቹ መኮትኮቻቸውን እየጣሉ ሽቅብ ሮጡ። ከሁሉም ቀድሞ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ከሁሉም አብልጦ እያለቀሰ የሚሮጠው ሽማግሌ አባቴ ነበር።

መጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል።

«ማን ነው ልጄ? ማን ሞተብን?»

«አንተ» አልኩት።

«ኧረ ጉድ» አሉ አንድ ጎረቤት። «አንቱ መቼ ሞቱ? አሁን ማሽላ ስንኮተኩት አልነበረም እንዴ?»

«ማን አረዳሽ?» አለ አባቴ።

«እትዬ።»

«ምን ብለው?»

«አይዞሽ ብለው።»

መጀመሪያ አባቴ ሳቀ፤ ከዚያ ኮረብታው በሙሉ ሳቀ። ደረታቸውን ሲደቁ ከነበሩት አንዲት እናት «የእኔን ደረት ማን ሊክሰኝ ነው?» እያሉ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ያመጣሁት የለቅሶ ስኳር ለጅጌው ቅሪቦ ማጣፈጫ ሆነ። ለምን እንዳልደወለም ጠየቅሁት፤ ማንጎ ነጋዴዋ ወደ ደሴ ሸሽታ ኖሯል።

ጤፉ ተዘራ። ሰው ከተበተነ በኋላ ከአባቴ ጋር የተረፈውን ምሳ እየቆረስን ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ነበር።

«እንዲያው ደህና አድርገሽ አለቀስሽልኝ» አለ። «አገሩም አለቀሰልኝ፤ እኔም ለራሴ አለቀስኩ። ከእንግዲህ ዕዳ የለብሽም። የሞትኩ ጊዜ ፈቃድ ቢነሱሽ ከሰዎቹ እንዳትጣዪ። ፈርሚላቸው።»

«በፈቃዴ ብዬ?» አልኩት፤ ነገሩን አጫውቼው ነበርና። እየሳቀ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ወልድያ ስመለስ እትዬን ምን እንደነካቸው ጠየቅኳቸው። ለካ እናታቸው አላማጣ ናቸው። ስልኩ ከተቋረጠ ጀምሮ ይኑሩ አይኑሩ አያውቁም ነበር። እኔን በሸኙበት ጠዋት ከዚያ በኩል ያመለጠ እንግዳ፣ መንገዱ መዘጋቱንና ከእንግዲህ ማንም እንደማያልፍ ነገራቸው። «አንቺን መንገድ እያለሽ እኔ ይዤሽ...» ብለው ሳይጨርሱ ተነሡ። የተፈረሙትን ወረቀቶች ምድጃ ውስጥ ጨምረዋቸዋል። ጓደኛዬም ሐራ ደርሳ መጣች፤ ያን ዕለት ያቀረቀረችው፣ ያልፈረምኩት እኔ ስሄድ የፈረመችው እሷ በመቅረቷ ተናዳ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ወልድያ ተያዘች። ሆቴሉ ተዘረፈ፤ ፍራሹም፣ አንሶላውም፣ የማጠቢያ ሳፋውም ሄደ። ሥራ የለም፤ ፈቃድ እንደልቤ ነበር። መንገዱ ግን አልነበረም፤ በእግር የሞከሩት ከተኩሱ ፊት ተመልሰዋል። ከእትዬ ጋር የቀረችውን ሽሮ እየተካፈልን ከረምን። ከሰዓት በኋላ ባዶው ፎቅ ላይ ወጥቼ ወደ መርሳ አቅጣጫ አያለሁ። ጤፉ በቅሏል፣ ጤፉ አሽቷል፣ ይሄኔ ታጭዷል እላለሁ። እትዬ ከኋላዬ ቆመው ወደ ሰሜን ያያሉ።

መንገዱ የተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት እትዬ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሆነው ወደ እኔ መጡ። ፌስታል ይዘዋል። «ልጄ» አሉና ቆሙ። የሚቀጥለውን ቃል ፈሩት።

«የእውነት ነው?» አልኩ።

«የእውነት ነው።»

ጤፉን አሳጭዶ ከከመረ በኋላ ታሞ ነበር። መድኃኒት የሚገኝበት ጊዜ አልነበረም። ጎረቤቶቹ፣ እነዚያው በጅጌው የመጡት፣ ቀብረውታል።

ሴቶቹ እንድጮህ ጠበቁ። ጩኸቱ እንቢ አለኝ፤ ኮረብታው ላይ ተሟጥጦ አልቋል መሰለኝ። የጮሁት እትዬ ናቸው። ለአባቴ ይሁን ለእናታቸው አልጠየቅኳቸውም።

ነጠላዬን ለበስኩ፤ ፌስታሉን ያዝኩ። በሩ ላይ ስደርስ፣ የሠራተኛ ልማድ ነውና ዞር ብዬ «መቼ ልመለስ?» አልኳቸው።

እትዬ እንባቸውን ጠረጉ።

«በፈቃድሽ» አሉኝ።